ባለቤት ያለው ስልባቦት

«የሚበላው ሰው አርባ ነው፤ እኔ አርባ ሁለት አመጣሁ» አለች ዶሪን፣ የእንጨት ሳጥኑን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አድርጋ። «ሁለቱ ለሚፈነዳው ነው።»

«ፖም ደግሞ ይፈነዳል?» አለች ሄዘር።

አክስቷ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ በጀሶ የታሰረ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በደኅናው እጇ ፖሞቹን እያገላበጠች ታይ ጀመር። እጇ የተሰበረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ በስልሳ አንድ ዓመቷ ፖም ልትለቅም መሰላል ላይ ወጥታ።

ብራምሊ የሚሉት የወጥ ቤት ፖም ነው፤ ጥሬውን የነከሰ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። አንዳንዱ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ቆዳው ሲነካ ቅባት ቅባት ይላል። ሄዘር አንዱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችውና ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች። ትል የገባበት ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳው አፍ ላይ ደግሞ ቡናማ እርጥብ ፍርፋሪ።

«አልሠራውም» አለች።

«ምኑን?»

«ይኼን ነዋ። ቅዳሜም ነግሬሻለሁ፣ አክስቴ። አርብ ከቀብር መልስ የዘጠኝ ሰዓቱን ባቡር እይዛለሁ። ከፈለጉ ጎረቤታችን ሚስስ ታፕሊን ከቆርቆሮው የከስተርድ ዱቄት በጥብጠው ያጠጧቸው።»

«ከቆርቆሮው!» አለች ዶሪን። «እናትሽ የሬሳ ሳጥኑን ገፍታ ነው የምትነሳው።»

ማስታወሻው የተገኘው ቅዳሜ፣ የሄዘር እናት ኦሊቭ ፓርዶ ሆስፒታል ውስጥ ባረፈች በሦስት ሰዓት ውስጥ ነው፤ የመርፌና ክር መሳቢያዋ ውስጥ። ሃያ ሰባት ዓመት ምሳ ያበሰለችበት የመንደሩ ትምህርት ቤት የምግብ ዝርዝር ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። «ከቀብሬ መልስ ለሚጠጣው ሻይ የተጋገረ ፖም ከከስተርድ ጋር ይቅረብ። ሄዘር ትሥራው። ከእንቁላል እንጂ ከቆርቆሮው ዱቄት አይሁን። መዝሙሩን ቄሱ ይምረጥ።» በቃ። ልጄ የለ፣ ደኅና ሁኚ የለ። አባት ለሌላት አንድያ ልጇ የተወችው ቃል ይኸው ነው፤ እሱም ትእዛዝ።

የመንደሩ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን እያንኳኳ ምግብ ያስቀምጥ ነበር። ጓዳው ሞልቷል። በሊጥ የታሸገ የአሳማ ሥጋ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ግራጫ የረጋ መረቅ የሚንቀጠቀጥበት። የተቀቀለ የበሬ ምላስ፣ ምላስነቱን ያልረሳ፣ ላዩ ላይ ያሉት ጉብጉብታዎች እንኳን ሳይላጡ። ሽንኩርት የበዛበት ሾርባ በሁለት ድስት። መጋረጃዎቹ በሙሉ ተጋርደዋል፣ መስኮት መክፈት ነውር ነው፣ ቤቱ በአበባና በእርጥብ ካፖርት ሽታ ታፍኗል። ሄዘር ቤት ውስጥ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይቀፋታል። ሁሉም ነገር ላይ ስስ ሽፋን ያለ ይመስላታል፤ ሾርባው ላይ ጮማ፣ የቀዘቀዘው ሻይ ላይ ወተት፣ የሚመጡት ሰዎች ፊት ላይ ሐዘን።

ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር ታጠናለች፤ ጭቃ፣ ፍግ፣ የበሰበሰ ቅጠል በእጇ ታገላብጣለች፣ አንዱም አያስጠላትም። በወተትና በእንቁላል አስኳል የሚሠራው ከስተርድ ግን ስሙ ሲጠራ እንኳን ያስጠላታል።

ነገሩ የጀመረው በሰባት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቱ የመመገቢያ አዳራሽ ሕጉ አንድ ነበር፤ ሳህኑን ያልጨረሰ ልጅ ከጠረጴዛ አይነሳም። የጨረሰ ሳህኑን ይዞ ወደ ምግብ ማቀበያው መስኮት ይሄዳል፣ ባዶ መሆኑ እንዲታይም አዘንብሎ ያሳያል። ሚስስ ፓርዶ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ነጭ ቆቧን እስከ ቅንድቧ አጥልቃ፣ ገልመጥ ታደርገውና ራሷን ትነቀንቃለች። ያኔ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ሄዘርም እዚያ እንደማንኛውም ልጅ «ሚስስ ፓርዶ» ነበር የምትላት። አንድ ቀን ተሳስታ «እማዬ» ብትላት፣ እናቷ ከኋላዋ የቆመውን ልጅ «ቀጥል» አለችው።

ማክሰኞ የፖም ቀን ነው። ያን ማክሰኞ ሄዘር ሳህኗን ተቀብላ ስትቀመጥ፣ ፖሙ ላይ ከፈሰሰው ቢጫ ከስተርድ በላይ ስልባቦት ተጋድሟል። የፈላ ወተት ሲበርድ የሚይዘው ዓይነት፣ ግን ወፍራም፣ የተጨማደደ፣ የሽማግሌ እጅ ጀርባ የመሰለ። ግራና ቀኝ አየች። የማንም ሳህን ላይ የለም። እሷ ላይ ብቻ።

ልጆቹ በልተው ወጡ። እሷ ቀረች። ሰዓቱ ስምንት ሲል፣ ከውጭ የልጆቹ ጩኸት እየተሰማት፣ ጎረሰችው። እንደ እርጥብ ወረቀት ላንቃዋ ላይ ተለጠፈ። ዋጠችው፣ ተመልሶ መጣ፣ ጠረጴዛውን አለበሰው። እናቷ ባልዲና ጨርቅ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች፣ ጠረገች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ተመለሰች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የሄዘር ሳህን ላይ እንደገና ስልባቦት ነበረ። አነስ ያለ።

ያኔ ሄዘር አንድ ነገር ተረዳች፤ ከዚያም በኋላ ሐሳቧን የሚያስቀይር ነገር አላገኘችም። ይህች ሴት ትጠላኛለች።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ አስከሬኑ መጣ። የቀብር አስፈጻሚው ሰዎች ሳጥኑን በፊት ለፊቱ ክፍል አስቀምጠው፣ ክዳኑን ግድግዳ አስደግፈው፣ ባርኔጣቸውን እንደያዙ አንዳንድ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። መንደርተኛው ተራ በተራ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ወጥ ቤት ተቀምጦ ምላስ ይበላል።

ሄዘር ገቢ ወጪው ጋብ ሲል ገባች። የእናቷ ከንፈር ሮዝ ተቀብቷል። በሕይወቷ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ከንፈር! ጉንጯ ላይ ዱቄት ተነስንሷል፤ ሰው ሠራሽ ጥርሷን ስላጠበቁት አፏ ወደፊት ገፋ ብሎ፣ የማታውቀው ሰው ቀልድ ሰምታ ሳቋን የምታፍን ትመስላለች። ሄዘር መሐረቧን አውጥታ ቀለሙን ልትጠርግ እጇን ዘረጋች። ከንፈሩ እንደ ሻማ ነው፣ አይሞቅ፣ አይለሰልስ። እጇን ሰበሰበች። መሐረቡን ኪሷ ውስጥ ሳይሆን እሳት ማንደጃው ውስጥ ጣለችው።

ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በነሐሴ ነው። ኦሊቭ ያኔ ሆስፒታል አልገባችም፤ ግን ከስታ፣ የቀሚሷ ወገብ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። ምድጃው ጎን ቆማ ከስተርድ ሠራች። ለማን እንደምትሠራው አልተናገረችም። ሄዘር «አልበላም፣ ባቡር ላይ በልቻለሁ» አለች። እናቷ ድስቱን አወረደች። ሲበርድ ጠብቃ፣ ስልባቦቱን በማንኪያ ጠቅልላ አነሳችና የሄዘር ሻይ ማስቀመጫ ሳህን ዳር ላይ አኖረችው። ከዚያ ቁጭ ብላ አየቻት። እየሞተች እንኳን! ሄዘር ሻይዋን ጨለጠች፣ ሳህኑን እንዳለ ገፋችው፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከበሩ ላይ ዞር ስትል እናቷ ሳህኑን ትመለከት ነበር።

ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ሹክሹክታው ከጓዳው በር ኋላ ይሰማል።

«አንዲት ዘለላ እንባ? አንዲት?»

«ምን ታድርግ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች እኮ። እዚያ አያለቅሱም መሰለኝ።»

«እናቷ አርባ ሰው አብዪልኝ ብላ ስትለምናት እምቢ አለች አሉ። ድንጋይ ናት፣ ድንጋይ!»

«ታዲያ እንቁላል መስበርስ ታውቃለች?»

ሁለቱ ሴቶች ሄዘርን ሲያዩ ፊታቸውን ወዲያው አጠየሙት። ወፍራሟ ሚስስ ታፕሊን ናቸው፤ ጎረቤት ናቸው፣ በመንደሩ ያልቀመሱት ድስት፣ ያላሸተቱት ሐዘን የለም። ክንዳቸው ሥር ቢጫ ቆርቆሮ ወሽቀዋል።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ። «አትጨነቂ፣ ከስተርዱን ለኔ ተዪው። ይኼው ዱቄቱን ይዤ መጥቻለሁ። አንቺ የመጽሐፍ ሰው ነሽ፣ ወጥ ቤት ምን በወጣሽ?»

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አፉ በምግብ እንደተሞላ ሳቀ። ዴሪክ ኖክስ ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከሄዘር ጋር አንድ ክፍል የተማረ። ደንብ ልብሱ ሆዱ ላይ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ሚስስ ፓርዶን በዱቄት ከስተርድ ልትሸኟት?» አለ። «እኔ ብሆን አልደፍርም። ጭልፋዋን ታስታውሺዋለሽ፣ ሄዘር? ይኸው ጣቴ ላይ ምልክቱ አለ።»

«ያንተ እጅ ሁልጊዜ የሰው ሳህን ውስጥ ነበር» አለች ሄዘር።

«ምን ላድርግ፣ ይርበኛል! እንደሱ ትመታኝ ነበር እንጂ ሁለተኛ ዙር ከልክላኝ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የነፈገችኝ።» ጣቱን ላሰ። «ስልባቦቱን። እሱን እወድ ነበር ብልሽ። ማክሰኞ ማክሰኞ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ 'ሚስስ ፓርዶ፣ ስልባቦቱን ለኔ' እላለሁ። 'ባለቤት አለው' ትለኛለች። በየሳምንቱ። 'ባለቤት አለው፣ ወዲያ በል።' እስከ ዛሬ ባለቤቱን እንዳሰስኩ አለሁ።»

ሄዘር አላየችውም። ሚስስ ታፕሊን ቆርቆሮውን ሊከፍቱ ማንኪያ ሲያነሱ ነበር የምታየው፤ ዱቄቱ ቡን ብሎ ወጣ፣ የፋርማሲ ሽታ አለው፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት፣ የቀመሱትን ጣት መልሰው ነከሩት።

«ይዝጉት» አለች።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ቆርቆሮውን ይዝጉትና ይዘውት ይሂዱ። የምሠራው እኔ ነኝ።»

ለምን እንዳለችው ራሷም አታውቅም። ለእናቷ ብላ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነበረች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄዘር ለሙከራ ሁለት ፖም አወጣች። ልባቸውን ቦረቦረች፣ ዘቢብ፣ ቡናማ ስኳርና ቅቤ ጠቀጠቀችባቸው፣ አንዳንድ ቅርንፉድ ሰካችባቸው፣ ምድጃው ውስጥ ከተተቻቸው። ከስተርድ ምንድን ነው? ወተት፣ አስኳል፣ ስኳር። እንቁላል በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ የማታውቅ ይመስላቸዋል? እንቁላሎቹን ሰበረች፣ አስኳሉን ለየች፣ ነጩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጣለች። ነጩ እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ጣቶቿ መሃል ተንጠለጠለ። አስመለሳት ማለት ይቻላል፤ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።

ዶሪን ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ምድጃው ውስጥ የሆነ ነገር «ቧ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ «ቧ!» ሄዘር በሩን ስትከፍት የፖሞቹ ሆድ ተዘርግፎ፣ ነጭ አረፋቸው በትሪው ላይ እየተንፈቀፈቀ ነው። እሱን ስታይ ድስቱን ረሳችው። ስትመለስ ከስተርዱ ጓጉሏል፤ ቀጭን ቢጫ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ የእንቁላል ፍርፋሪ፣ የታመመ ሕፃን ያስመለሰው ይመስላል።

«ወገባቸውን ዙሪያውን በቢላ መጫር ነበረብሽ» አለች ዶሪን፣ አሁን ገና። «ቆዳው መተንፈሻ ካላገኘ ይፈነዳል።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«አክስቴ፣ ነገ አርባ ሰው ነው የሚበላው!»

«እንዴ፣ አንቺ አይደለሽ የተጻፈልሽ!» ዶሪን ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ኦሊቭን ይኼን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። ፖሙ ከኔ ዛፍ፣ እንቁላሉ ከኔ ዶሮ፣ ሆስፒታል ያመላለስኳት እኔ። ወረቀቱ ላይ ግን ዶሪን የሚል አለ? በወር አንዴ ፖስት ካርድ የምትልክ ልጅ ነች የተጻፈችው።»

የተባለው ልክ ነው። ሄዘር ትሪውን ወስዳ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው።

«አሳዪኝ» አለች በመጨረሻ። «እየጠየቅኩሽ ነው።»

ዶሪን ትንሽ አኮረፈችና ተነሳች። በአንድ እጇ ድስቱን የፈላ ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ላይ አስቀመጠች እንጂ እሳቱ ላይ አይደለም። ወተቱን ለብ ሲል ብቻ አስወረደቻት፣ አስኳሉ ላይ በቀጭኑ እንድታፈስ አደረገቻት፣ «አማስይ፣ ክንድሽን ሳይሆን አንጓሽን፣ ስምንት ቁጥር እየሠራሽ» አለቻት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የእንጨት ማንኪያውን አውጥታ ጀርባው ላይ ጣቷን አሳለፈችበት። መስመሩ አልተዘጋም። «ደረሰ። አውርጂ።» ከላዩ ገውዝ ፈገፈገችበት፤ ከዚያ ሻይ ቀዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ጥሩ ሸተተ። ሄዘር ይህን ማመን ደስ አላላትም።

ሻዩን ሲጨርሱ ከስተርዱ በርዶ ላዩ ተሸብሽቧል። ዶሪን ማንኪያ አነሳች፣ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ አሳለፈችና ስልባቦቱን ባንድ ጊዜ ገፍፋ ወደ አፏ ሰደደችው። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ጫፉ አገጯ ላይ ተንጠለጠለ፣ በምላሷ ሳበችው።

«እግዚኦ፣ አክስቴ!» ሄዘር ፊቷን አዞረች። «እንዴት ይወርድልሻል?»

«እንዴት ይወርድልሻል? እኔና እናትሽ ለዚህች ስንገዳደል ነው ያደግነው! አባታችን ማንኪያውን መሃል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ቀድሞ ያነሳ ይበላል። ሁልጊዜ የምቀድም እኔ ነኝ። ኦሊቭ አንድ ቀን ቀድማኝ አታውቅም። ጠረጴዛ ሥር ገብታ ነበር የምታለቅስ።» ማንኪያውን ላሰች። «ትምህርት ቤት ሥራ ስትገባ፣ ያ ሁሉ ከስተርድ በእጇ ሲሆን፣ ይኼኔ ብቻዋን ትውጠዋለች እላለሁ። እሷ እቴ! ላንቺ ሰጠችው።»

«ለኔ ምኑን?»

«ስልባቦቱን ነዋ። ምን ትጠይቂኛለሽ፣ የበላሽው አንቺ። ልጇን ታበላልጣለች ከተባለ ከሥራ ያስወጧታል፣ ስለዚህ ሰው ሳያይ፣ ድስቱ ላይ የያዘውን አንስታ አንቺ ሳህን ላይ ጣል። ማክሰኞ ማታ መጥታ 'ዶሪን፣ ልጄ ዛሬም በላችው' ትለኛለች። እኔን ለማብገን።»

ሄዘር ስኒውን አስቀመጠች።

«አስመለሰኝ እኮ» አለች። «ጠረጴዛው ላይ አስመለሰኝ።»

«ነገረችኝ። 'ሆዷ ደካማ ነው፣ አበዛሁባት' አለች። ከዚያ ወዲያ አሳነሰችልሽ።»

አሳነሰችልሽ። ከሄዘር ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅ ነበር፣ ግን አያምርም።

«የምትቀጣኝ ነበር የመሰለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት፣ አክስቴ! እንደምትጠላኝ ነበር የማውቀው።»

«ታዲያ አስጠላኝ አትያትም ነበር?»

«እሷስ ለምን አልነገረችኝም? አንድ ቃል! 'ይኼ ጥሩው ነው' ማለት ያቅታል?»

«ኦሊቭ?» አለች ዶሪን፣ ከልቧ ተገርማ። «ኦሊቭ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብላ ትናገራለች?»

ሄዘር ተነስታ የድስቱን ውስጥ አየች። ስልባቦቱ የተገፈፈበት ከስተርድ ያበራል። አልራራችም፤ ራራሁ ብትል ውሸት ነው። የሚያስመልስን ነገር በየሳምንቱ አምጥቶ መውደድ ብሎ ማቅረብ፣ ሳይናገሩ፣ ሳይጠይቁ፣ የልጁን ፊት እንኳን በወጉ ሳያዩ! ደግሞም ተዘርፋለች። ጥላቻዋ ቀጥ ያለ፣ የሚደገፉት ነገር ነበር፤ አሁን የት ታቁመው? በነሐሴ ያ ሻይ ማስቀመጫ ሳህን ዳር ላይ የተቀመጠውን ነገር አሰበች። በሩ ላይ ዞር ስትል እናቷ ምን ትመለከት እንደነበረ አሰበች። ሄደችና ጓዳ ውስጥ የነበረውን የበሬ ምላስ አውጥታ፣ ከነሳህኑ፣ ለጎረቤት ውሻ ጣለችው።

አርብ ትምህርት ቤቱ ለጥቅምት ዕረፍት ተዘግቶ ስለነበር የመመገቢያ አዳራሹንና ወጥ ቤቱን ፈቀዱላቸው። ሄዘር ከማለዳ ጀምሮ አርባ ፖም ቦረቦረች፣ የአርባውንም ወገብ ዙሪያውን ጫረች፣ ሞላች፣ ደረደረች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ለስላሳ እሳት ላይ ከተተቻቸው። ከስተርዱ ግን አይቀድምም። የሚሠራው ፖሙ ትኩስ እያለ፣ ሰው ሊቀመጥ ሲል ነው። ስለዚህ ቄሱ ገና መቃብሩ አፍ ላይ እያነበቡ፣ የመጀመሪያው አፈር ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ፣ ሄዘር ከሰው መሃል ወጥታ በእርጥቡ ሣር ላይ መራመድ ጀመረች።

«ይኸው፣ ሄደች!» የሚል የሚስስ ታፕሊን ድምፅ ከኋላዋ መጣ። «የእናቷን አፈር ሳትጨርስ!»

ከዚያ የዶሪን ድምፅ፣ ቄሱን ሳይቀር ዝም ያሰኘ። «ከስተርዱን ነው! ወተት ሰው ይጠብቃል እንዴ?»

ስምንት ጠርሙስ ወተት፣ አርባ አስኳል። በእናቷ ድስት፣ በእናቷ ምድጃ፣ እናቷ «ቀጥል» ብላ ወደ ሌላ ልጅ ካለፈችበት መስኮት ወዲያ ቆማ አማሰለች። አንጓዋን እንጂ ክንዷን አይደለም። ነጩ ባልዲ ውስጥ ተንቦራጭቋል፣ ጥቁር ልብሷ ላይ አስኳል ደርቋል፣ ትኩሱ የቅቤና የቅርንፉድ እንፋሎት ፊቷን ይገርፋታል፤ ሁለቴ ወደ መታጠቢያው ጎንበስ ብላ ምራቋን ተፋች። ማንኪያው ጀርባ ላይ ያሰመረችው መስመር አልተዘጋም። አወረደች።

ሰው መጣ፣ ተቀመጠ። ጎልማሶች የልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ። መጀመሪያ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ዴሪክ ኖክስ ጮክ ብሎ «እሷው ራሷ ናት!» አለ፣ አንድ ሰው አለቀሰ፣ ሌላው ሳቀ። ሚስስ ታፕሊን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። አላመሰገኑም፤ «ገውዙ ትንሽ በዛ» ብቻ አሉ።

ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሲል አብዛኛው ሰው ካፖርቱን ይዞ ቆሟል። የሄዘር ቦርሳ በሩ ጋ ነው፤ ለባቡሩ ለመድረስ አሁን መውጣት አለባት። ድስቱን ልታጥብ ስታነሳ፣ ሥር የቀረው ከስተርድ በርዶ ላዩን ለብሷል። ወፍራም፣ የተጨማደደ።

ዶሪን ማንኪያ ይዛ አጠገቧ ደርሳለች። ዴሪክ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገብቷል።

«ስልባቦቱን ለኔ» አለ።

«ዞር በል» አለች ዶሪን፣ ማንኪያዋን እየዘረጋች።

ሄዘር የዶሪንን እጅ በእንጨት ማንኪያው መታ አደረገችው።

«ባለቤት አለው» አለች።

አክስቷ እጇን ሰበሰበች። ዴሪክም ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋና አንገቱን ከመስኮቱ አወጣ።

ሄዘር ስልባቦቱን እንዳይቀደድ ከዙሪያው ለቀቅ አድርጋ አነሳችው፣ ሳህን ላይ አጋደመችው፣ ከወጥ ቤት ወጥታ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሙሉውን ጎረሰችው። ምንም ተአምር አልተፈጠረም። ልክ እንደ ድሮው እርጥብ ወረቀት ነው፤ ላንቃዋ ላይ ተለጠፈ፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ። አፏን በእጇ ሸፈነች። ከደጅ የሰዎቹ ወሬ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። ዋጠችው። ሊመለስ ሞከረ፤ እንደገና ዋጠችው።

«እንዴት ነው?» አለች ዶሪን ከበሩ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ያስጠላል» አለች ሄዘር።

ሳህኑ ላይ የቀረውን ቢጫ ነገር በማንኪያዋ ዙሪያውን ጠረገች፣ ማንኪያውን ላሰች። ተነሳች። ወደ ማቀበያው መስኮት ሄደችና፣ ከወዲያ በኩል ማንም በሌለበት፣ ባዶ መሆኑ እንዲታይ ሳህኑን አዘንብላ ያዘችው። ለረጅም ጊዜ ያዘችው።